እንደ ድቤ የሞቀው ላስቲክ

እናቴ ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች። አዝና አይደለም፤ ጭስ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው አለፍ ብሎ ባለው ቁርአን ቤት፣ ለደረሶች ንፍሮ ስትቀቅል ሃያ ዓመት ሊሆናት ነው። ደረሳ ማለት ከየገጠሩ ቁርአን ሊቀራ የመጣ ተማሪ ነው። ልቡን ለሼሁ ይሰጣል፣ ሆዱን ደሞ ለእናቴ ያስረክባል። አርባ ሆድ። ማድ ቤቱ መስኮት የለውም። የሠራው ሰውዬ መስኮት የሚያስፈልገው ሰው ለሚገባበት ቤት ነው ብሎ አስቦ መሆን አለበት።

አምና ደሴ ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሙ በመብራት አየና፣ «እናቴ፣ የግራው አልፏል። የቀኙን ማትረፍ ከፈለጉ ከዛሬ ጀምሮ ጭስ አጠገብ እንዳይደርሱ» አላት።

«እሺ ዶክተር፣ አላህ ይስጥህ» አለች።

ሚኒባስ ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ወደኔ ዞራ፣ «እሱ መጥቶ ይቀቅልላቸዋ» አለችኝ።

«ሌላ ሴት ይፈለግ፣ እማ።»

«ዓይኗ ትርፍ የሆነባት የማን ናት?»

እኔ መልስ ሳጣ እናደዳለሁ፣ ስናደድ ደሞ አወራለሁ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሐኪሙ፣ መስኮት ስለማያውቁ ግንበኞች እስከ አቀስታ ድረስ ሳወራ መጣሁ። አቀስታ ላይ ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገብኝ።

ደሞ እኮ ቁርአን ቤቱ የባዮጋዝ ጉድጓድ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ፕሮጀክት መጣ፣ ቆፈረ፣ ገነባ፣ ሪባን ቆረጠ፣ ሄደ። የላም እበት በውሃ በጥብጠህ ትጨምራለህ፣ እበቱ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፣ የሚወጣው ጋዝ በቱቦ ማድ ቤት ይገባል፣ ምድጃው ላይ ይነዳል። ጭስ የለም። በወረቀት ላይ እናቴ ያኔውኑ ድናለች። በተግባር ግን እሳቱ በሽተኛ ነበር። ጠዋት የተጣደ ባቄላ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሲደርስ ገና ጠጠር ነው። እናቴ አንድ ሳምንት ታገሰችው። በስምንተኛው ቀን «ልጆቹ ከሚራቡ» ብላ እንጨቷን አቀጣጠለች።

እሳቱ ለምን እንደሚሰንፍ እኔ አውቃለሁ። ኬሚካል ምህንድስና እስከ ሦስተኛ ዓመት ተምሬያለሁ። ከዛ ጦርነቱ መጣ፣ ከጦርነቱ ቀጥሎ የዓመቱ ፈተና መጣ፤ ከጦርነቱ ተርፌ በፈተናው ወደቅኩ። ስለዚህ የማንኛውንም ነገር ግማሹን አውቃለሁ፤ ሌላውን ግማሽ በጉሮሮዬ ነው የምሞላው።

የማውቀው ግማሽ ይሄ ነው። ከእበት የሚወጣው ጋዝ አንድ ዓይነት አይደለም። የሚነድ አለው፣ ሚቴን የሚባለው። የማይነድ አለው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ይሄ የማይነደው ቀላል አይምሰልህ፤ ብዙ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ደሞዝ እንደሚበላ ሰው ከሠራተኛው ጋር እኩል ተሰልፎ ምድጃው ድረስ ይመጣና እዛ ሲደርስ እሳቱን ያዳክማል። እሱን መንገድ ላይ ማስወረድ ያስፈልጋል። እንዴት ነው የሚወርደው? እሱ እንግዲህ የማላውቀው ግማሽ ውስጥ ነው።

ያስተማረኝ አንድ መምህር ለሦስተኛ ዲግሪው ጋዝ የሚለይ ስስ ላስቲክ እየሠራ መሆኑን ሰምቼ ነበር። ደወልኩለት። ማን እንደሆንኩ ጨርሶ አላስታወሰም። «ባዮጋዝ አለን» ስለው ግን ድምፁ ተቀየረ፤ ለካ ጥናቱ የመስክ ሙከራ ጎድሎት ኖሯል። በሳምንቱ በፒክአፕ መጣ። በወረቀት መሃል የተኙ አምስት ክብ ላስቲኮች፣ ላስቲኩ መሃሉ የሚታሰርበት እንደ ሁለት ሰሃን የሚገጥም ብረት፣ እና እኔ የምፈርምባቸው ብዙ ቅጾች ይዟል።

ላስቲኩን ብታየው የሱቅ ፌስታል ነው። እንደውም ፌስታሉ ወፈር ይላል።

«ይሄ ዘበኛ ነው በለው» አለኝ መምህሩ። «ጋዙን ገፍተህ ስታመጣበት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ቶሎ በጀርባ ያሾልከዋል፣ በቀጭን ቱቦ ውጭ ትጥለዋለህ። ሚቴኑ አያልፍም፣ ይቀራል። የቀረውን ወደ ምድጃ ትልካለህ።»

«በሉ ታዲያ አሁኑኑ እንግጠመው።»

«ገና ነው። አልሞቀም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ላስቲኩ መጀመሪያ ፈሳሽ ነው፣ መስታወት ላይ አፍስሰው ነው የሚያደርቁት። ሲደርቅ ታዲያ ውስጡ እንደተዝረከረከ ይደርቃል፤ አንዱ ጋ ሰፊ ክፍተት፣ አንዱ ጋ ጠባብ። እንዲሁ ብትገጥመው ሁሉንም ያሳልፋል። በልክ ስታሞቀው ውስጡ ይረጋጋል፣ ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ቦታውን ይይዛል፣ ያኔ መምረጥ ይጀምራል። ካጋልከው ደሞ ድፍን ይልና ማንንም አያሳልፍም። ይሄ ወዲያው ገባኝ። የመሥሪያ ቤት በር ላይ የሚቆም ዘበኛ አይቼ አላውቅም እንዴ? አንዱን ቀን ከነበግህ ያስገባሃል፣ ሌላውን ቀን መታወቂያ ይዘህም አትገባም። በልክ የሞቀ ዘበኛ እስካሁን አልገጠመኝም።

«እና ለምን አሙቀው አላመጡትም፣ መምህር?»

«የላቦራቶሪው ምድጃ ተበላሽቷል። አዲስ እንዲገዛ ከጠየቅን ሁለት ዓመታችን፤ ጨረታው አልወጣም።» ከዛ ዙሪያውን ቃኘ። «መቶ ሃያ ዲግሪ ላይ፣ ለስድስት ሰዓት ያህል፣ ከዛ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ይኸው ነው። መቼም እዚህ ምድጃ አይጠፋም።»

ከወር በኋላ እንግዶች ይዞ ለምረቃው እንደሚመለስ ነገረኝና ሄደ። ልብ በሉ፣ ላስቲኩ አልሞቀም፣ የሚመረቅበት ቀን ግን ተቆርጧል።

መካነ ሰላም ውስጥ ምድጃ ካልክ ዳቦ ቤት ነው። ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤቴ ነው፣ ሳኡዲ ሠርቶ የተመለሰ፣ እጁ ፈጣን አፉ ደሞ ከእጁ የሚፈጥን። የጠዋቱ ዳቦ ወጥቶ ሲያልቅ የመጀመሪያውን ላስቲክ ሰጠሁትና ቅጾቹን ልሞላ ቤት ደረስ ብዬ መጣሁ። ስመለስ ላስቲኩ ትሪው ላይ ያብለጨልጫል።

«ምን አደረግከው?»

«ምንም። ትሪውን ዘይት ቀባሁልህ።»

«ለምን?»

«ሳይቀባ ይጣበቃላ።»

«ላስቲክ ነው እኮ፣ ዳቦ አይደለም።»

«ዳቦ ያልተጣበቀው ስለምቀባው ነው። እኔ ያልተቀባ ትሪ ምድጃ ከትቼ አላውቅም። ሳኡዲም እንደዚሁ ነው።»

ላስቲኩ ዘይቱን ጠጥቶ ጠጥቶ ሳምቡሳ የተጠቀለለበት ወረቀት መስሏል። ሁለተኛውን በደረቅ ትሪ እኔው ራሴ ከተትኩት። ሳወጣው መዳፍ አክሎ፣ ተጨማዶ፣ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ሦስተኛውን እንዳይጠቀለል ብዬ ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫንኩበት። ለካ ድንጋዩ ከትሪው በላይ ይግላል፤ ላስቲኩ ቀልጦ ትሪው ላይ ቀረ። በማግስቱ ደንበኞች ዳቦው ፌስታል ፌስታል ይላል እያሉ መመለስ ጀመሩ።

«ወንድምዬ» አለኝ ጋጋሪው፣ «ከእንግዲህ ዱቄት ካልሆነ ምንም ነገር ይዘህ እንዳትመጣ።»

ደሞ ምድጃው በምን እንደሚነድ ልንገራችሁ? በእንጨት። እናቴን ከጭስ አድናለሁ ብዬ የዳቦ ቤቱን ሰው በጭስ እየገደልኩ ነበር።

ሁለት ላስቲክ ቀረኝ። የዛን ቀን ቤት ስገባ እናቴ ባቄላ ትለቅማለች። ቁጭ ብዬ አየኋት። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው፤ ጠጠሩን በጣቷ እየዳሰሰች ነው የምታወጣው። ድሮ በዓይኗ ነበር የምትለቅመው። መቼ እንደተወችው አላውቅም፣ አልነገረችኝም። የቀኙ ቀይ ሆኗል።

«ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው?» አለችኝ።

«ላስቲኩ እምቢ አለኝ። ሲሞቅ ይጨማደዳል።»

«ሳትወጥረው ነዋ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ቆዳስ እንዲሁ አይደል? ድቤ መቺውን አባባ ጠይቃቸው።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ድቤ መንዙማ ሲባል የሚመታው ከበሮ ነው። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የመቱ ሽማግሌ ናቸው። ፖሊመር ይዤ ድቤ መቺ ዘንድ ስሄድ የክፍሌ ልጆች ቢያዩኝ ብዬ አሰብኩ። ከዛ የክፍሌ ልጆች ግማሾቹ ባጃጅ እንደሚነዱ ትዝ አለኝና ሄድኩ።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታ ስንለዋወጥ የእናቴን አፊያ፣ የሼሁን አፊያ፣ የላሞቹን አፊያ ጠይቀው ሲያበቁ ላስቲኩን ሰጠኋቸው። በሁለት ጣት አሹት፣ ትንፋሽ ሰጡት፣ ወደ ብርሃን ያዙት።

«የምን ቆዳ ነው?»

«ቆዳ አይደለም አባባ። ፖሊመር ነው።»

«የት ነው የሚረባው?»

«ላቦራቶሪ።»

«ሳትወጥር እሳት አሳየኸው?»

«አዎ።»

«ስንት አቃጠልክ?»

«ሦስት።»

«ተምሯል ሲሉህ ሰምቻለሁ።»

«እስከ ሦስተኛ ዓመት።»

«በዓመት አንድ ነዋ» አሉና ከዘራቸውን ፈለጉ።

እናቴ ያረጀ ወንፊት ነበራት። ሽማግሌው መረቡን ቀደው ጥለው ክብ እንጨቱን ብቻ አስቀሩ። ላስቲኩን በክቡ ላይ ዘርግተው ዳር ዳሩን በክር ጠፈሩት። እኔ ጠበቅ ላድርገው ብዬ ስስብ እጄን መቱኝ። «ሲሞቅ መሰብሰቡ አይቀርም። የሚሰበሰብበት ትንሽ ተውለት። አጥብቀህ ያሰርከው ይተረተራል።» መምህሩ ይሄን አልነገረኝም። ምናልባት ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃው ራሱ ይወጥረው ይሆናል፣ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም።

ዳቦ ቤት ይዣቸው ስገባ ጋጋሪው እኔን ሊያባርር ተነስቶ እሳቸውን ሲያይ ቆመ፤ የሠርጉ ለት ድቤ የመቱት እሳቸው ናቸው። ፍሙን በሙሉ አስጠረጉት። ከዛ እጃቸውን ምድጃው ውስጥ ከተው ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። አወጡት። «ገና ነው፣ ሦስት ሰለዋት እንኳ አላስቻለኝም።» በነቢዩ ላይ የሚያወርዱትን ሰለዋት ነው የሚቆጥሩት። ጠበቅን። እንደገና ከተቱ። «አምስት።» ጠበቅን። ሰባት ሰለዋት እጃቸው ሲችል ሸክላ በሸክላ ላይ ደራርበው ወንፊቱን ከላዩ አስቀመጡና የምድጃውን አፍ በቆርቆሮ ዘጉት።

«መቶ ሃያ ዲግሪ መሆኑን በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«መቶ ሃያውን አላውቅም። ሰባት ሰለዋት እጅ ከቻለ ቆዳም ይችላል።»

ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት፣ እስከ ዐስር ድረስ፣ ተቀመጥን። ዐስር ሲደርስ እኔ ቆርቆሮውን ልከፍት ተነሳሁ።

«እጅህን ሰብስብ። ድቤ የሚሰነጠቀው ከእሳት ወደ ብርድ ሲወጣ ነው። ምድጃው ራሱ ይቀዝቅዝ።»

«ዳቦዬስ?» አለ ጋጋሪው።

«ነገ ይበላል ኢንሻአላህ።»

ጋጋሪው ወደኔ እያየ ጥርሱን ነከሰ። ምድጃው ለብ ሲል ሽማግሌው ራሳቸው አወጡት። ላስቲኩ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል፣ አንድ ሽብሽብ የለውም። በጥፍራቸው መታ አደረጉት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ደገሙት። «ይሄ ይናገራል» አሉና ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

ላስቲኩን ከወንፊቱ ፈትቼ ብረቱ መሃል ካሰርኩት በኋላ የቀረው መግፋቱ ነው። ጋዙ ካልተገፋ ላስቲኩ ምንም አይለይም፤ መግፊያ መሣሪያ ደሞ በቅጹ ላይ እንጂ በፒክአፑ ላይ አልመጣም። ከጎሚስታ የተጣለ የከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ለመንኩና ጋዙን እዛ ውስጥ ሞላሁት። በላዩ ሳንቃ ዘረጋሁ። ሳንቃው ላይ ስምንት ደረሶች ተደርድረው ተቀመጡና ቁርአናቸውን መቅራት ጀመሩ። እነሱ ሲከብዱበት ጋዙ በቱቦ እየተገፋ ብረቱ ውስጥ ይገባል፣ ላስቲኩ ይመርጣል፣ የማይረባው በጀርባ ይወጣል፣ የሚረባው ማድ ቤት ይደርሳል።

ክብሪት ጫርኩ። እሳቱ ሽው ብሎ ቆመ። ቆመ ስላችሁ፣ ያ በሽተኛ እሳት አልነበረም። ባቄላው ከዙህር በፊት ፈረሰ።

እናቴ መጣችና ምድጃው ላይ አጎነበሰች። «በርቷል እንዴ?»

«በርቷል፣ እማ።»

«አይታየኝም።»

የቀኙም ሄደ ብዬ አሰብኩ። ከዛ እኔም አጎንብሼ አየሁ። በበሩ በገባው ብርሃን ለእኔም አይታይም፤ ጥርት ከማለቱ የተነሳ ከድስቱ ሥር ትንሽ ሰማያዊ ጥላ ብቻ ነው። እሷ እጇን አስጠግታ ሙቀቱን ለካች፣ ጆሮዋን ሰጠችው፣ ራሷን ነቀነቀች።

ከዛ ቀን ጀምሮ በድምፁ ነው የምታውቀው። ከሳንቃው ላይ አንድ ደረሳ ከተነሳ እሳቱ ዝቅ ይላል፣ እሷም ከማድ ቤት ሆና «ማነው የተነሳው?» ትላለች። ሼሁ፣ አላህ ያቆያቸውና፣ ልጆቹ እንደዚህ ተረጋግተው ተቀምጠው አያውቁም ብለው ደስ አላቸው።

ወሩ ሞላና ምረቃው መጣ። መምህሩ በሁለት መኪና እንግዳ ይዞ ደረሰ፣ ባነር አለ፣ ሪባን አለ፣ ፎቶ አንሺ አለ፣ ከረባት ያደረገ የፕሮጀክት ኃላፊ አለ። መምህሩ ወደ ጎን ሳብ አድርጎኝ ማስታወሻውን አወጣ።

«በምን አሞቅከው?»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ዳቦ ቤቱን፣ ወንፊቱን፣ ሽማግሌውን፣ ሰባቱን ሰለዋት። እየሰማኝ ጻፈ። ዘወር ብዬ የጻፈውን በትከሻው አሻግሬ አየሁት። «ቁጥጥር በሚደረግበት ምድጃ፣ በቋሚ ውጥረት፣ በአካባቢው ማኅበረሰብ ተሳትፎ» ይላል። ድቤ መቺው ቋሚ ውጥረት ሆነዋል። ማኅበረሰቡ እኔ ነኝ መሰለኝ።

«በጣም ጥሩ» አለኝ። «ከምረቃው በኋላ ፈታ አድርገህ ስጠኝ፣ ለምርመራ እንወስደዋለን።»

«የቱን?»

«ላስቲኩን። የሠራው እሱ ብቻ አይደል? ሦስት ወር ቢፈጅ ነው።»

«እናቴስ?»

«እስከዛ እንደ ድሮው ትጠቀማለቻ።»

እንደ ድሮው ማለት ጭስ ነው። ሦስት ወር ጭስ ማለት የቀኝ ዓይኗ ማለት ነው። ይሄን ልነግረው አፌን ስከፍት ኃላፊው ንግግር ጀመረ፤ አጨብጭቡ ተባልን።

ከንግግሩ በኋላ ሁሉም ማድ ቤት ገቡ። አሥራ አምስት ሰው፣ ባነሩ ሳይቀር። ፎቶ አንሺው ምድጃውን ከላይ አየ፣ ከታች አየ። «እሳቱ አይወጣም» አለ።

«እንዴት አይወጣም?» አለ ኃላፊው።

«አይታይም። ድስት ብቻ ነው የሚታየው።»

ኃላፊው አሰበ። «እሳት የሌለበት ፎቶ ሪፖርት ላይ ምን ልንለው ነው? እስቲ ትንሽ እንጨት ጨምሩበት። ለፎቶው ብቻ።»

ማንም አልሳቀም። አንዱ ወጥቶ እንጨት አመጣ፣ ከድስቱ አጠገብ ለኮሰው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፣ ወዲያው ማጨስ ጀመረ።

«እማማ» አለ ፎቶ አንሺው እናቴን፣ «እዚህ ጋ ይቁሙልኝ። ወደ እሳቱ ይዩ። ፈገግ ይበሉ።»

እናቴ ሽታው ደረሳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እኔ ጭስ በሐኪም ተከልክያለሁ» አለችና ወጣች። በሃያ ዓመት እሳት እየነደደ ጥላ ስትወጣ ያኔ ነው ያየኋት።

እኔ ምን ልሁን? በሩ ሥር ደረሶቹ ለሶላት የሚታጠቡበት የውዱእ ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል። አነሳሁና ውሃውን በሙሉ እንጨቱ ላይ ደፋሁት። እሳት በውሃ ይጠፋል፤ ይሄ የማውቀው ግማሽ ነው። እርጥብ እንጨት ላይ ውሃ ሲደፋ ምን ያህል ጭስ እንደሚወጣው ግን እኔ ያልደረስኩበት ዓመት ላይ ሳያስተምሩት አልቀሩም። ማድ ቤቱ ባንዴ ጠፋ። ሰው በሰው ላይ ሆነ። በሩ አንድ ነው፣ ባነሩ ደሞ በሩ ላይ ተጋድሟል። መስኮት የሚፈልጉ እጆች ግድግዳውን ሲዳብሱ ይሰማኛል። እናቴ ሃያ ዓመት የዳበሰችው ግድግዳ ነው።

እየሳሉ፣ እያነጠሱ፣ ፊታቸው በእንባ ርሶ ወጡ። ኃላፊው ዓይኑን በከረባቱ ያሻል። እናቴ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከልቧ ነው ያዘነችለት።

«አትሸው ልጄ» አለችው። «ባሸኸው ቁጥር ይብሳል። እኔን ያበላሸኝ እሱ ነው። ዝም ብለህ ይፍሰስልህ።»

ሆቴል የታዘዘው ምሳ ቀዝቅዟል ተባለና ወደ መኪናቸው ሮጡ። ሪባኑ ሳይቆረጥ ቀረ። መምህሩ ብቻ ወደኔ መጣ፣ ዓይኑ ፍም ሆኗል። እናቴን አየ፣ ደሞ የማድ ቤቱን በር አየ።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው?» አለኝ።

«ላስቲኩን ከወሰዱት፣ አዎ።»

ማስታወሻውን አጠፈ። «ያልሞቀው ቀርቶሃል አይደል?»

አምስተኛውን አምጥቼ ሰጠሁት። ከወረቀቱ ጋር ሻንጣው ውስጥ ከተተው።

«በምን እንደማሞቀው እንጃ» አለ።

«ወንፊት ይግዙ» አልኩት። እየቀለድኩ አልነበረም፣ እሱም አልሳቀም።

ሪፖርቱ በቴሌግራም ወጣ። ፎቶው ላይ ምድጃም የለም፣ ድስትም የለም፤ ጭስና ከጭሱ ውስጥ የሚወጡ እንግዶች ናቸው፣ ሁሉም ፊታቸው በእንባ ርሷል። ከሥሩ «ተጠቃሚዎችና እንግዶች የደስታ እንባ ሲያፈሱ» ይላል።

ስልኬን ለእናቴ ሰጠኋት። ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠግታ ያዘችው፣ ራቅ አደረገችው፣ ደሞ አስጠጋችው። እኔ ፎቶውን ሳይሆን እሷን ነበር የማየው።

«ይሄ ያ ከረባት ያደረገው አይደል?» አለች። «ይሄ ደሞ መምህርህ ነው። ጫማውን ጭቃ ነክቶት ነበር ለካ።»

ጫማውን እኔ ራሴ አላየሁትም ነበር። ልነግራት ስል ከማድ ቤቱ የእሳቱ ድምፅ ዝቅ አለ። እናቴ ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ሳንቃው ዞረች።

«ማነው የተነሳው?»